9 ዓመት የጠበቅኩትን ልጅ 9 ደቂቃ መታገሥ ለምን አቃተኝ?

ጥያቄ፦ «ልጄን ያገኘሁት ካገባሁ ከ9 ዓመት በኋላ ነው። አሁን 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። ዳይፐር ላስተወው ከጀመርኩ 3 ወር ሞላኝ። ፖፖ ላይ ሳስቀምጠው ዝም ብሎ ይጫወታል፤ ተነሥቶ ጥግ ይሄድና ሱሪው ላይ ያደርገዋል። አማቴ ልጆቻቸው ሁሉ በዓመታቸው እንደ ለመዱ ይነግሩኛል። ልናስገባው ያሰብነው የሕፃናት ማቆያም በመስከረም ዳይፐር ያልተወ ልጅ አልቀበልም ብሎናል። ጠዋት ለታክሲ ሰልፍ ስጣደፍ ጫማውን ራሱ ካላደረገ መሬት ላይ ይንከባለላል። ባለፈው ሳምንት ሱሪው ላይ ሲያደርግ መታሁት፤ ቢሮ ገብቼ አለቀስኩ። 9 ዓመት የጠበቅኩትን ልጅ 9 ደቂቃ መታገሥ አቃተኝ። በሌላው ነገር ታጋሽ ነኝ። ለምሳሌ ንግግሩ ገና ነው፤ ስድስት ያህል ቃል ብቻ ነው ያለው። ግን ኤ ቢ ሲ ዲን እስከ መጨረሻው ይላል፣ ስጠራውም ይዞራል፣ አባቱም እስከ 4 ዓመቱ አልተናገረም ስለሚሉ አላስቸኩለውም። ትዕግሥትን እንዴት ልማር?»

ምላሽ፦ ከጻፉት ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ የፖፖው ጉዳይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ እንደ ምሳሌ ጣል ያደረጉት የንግግሩ ነገር ነው። ሊቸኩሉበት በማይገባ ጉዳይ 3 ወር ሙሉ ሲታገሉ ከርመዋል፤ ቶሎ መታየት በሚገባው ጉዳይ ደግሞ ታግሠዋል። ስለዚህ የምሰጥዎት መልስ ሁለት ተቃራኒ ምክር ያለበት ነው። ሐሳብዎን የያዘው ፖፖው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ሰው ስላስተማረ ብቻ የሚመጣ ችሎታ አይደለም። ፊኛው መሙላቱን ልጁ ራሱ ማስተዋል አለበት፤ ካስተዋለ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማቆየት፣ አቆይቶም ሱሪውን አውርዶ ተቀምጦ መልቀቅ ይጠበቅበታል። እነዚህ በአንድ ቀን አይመጡም። አብዛኞቹ ልጆች ሽንታቸው እንደ መጣ ማስተዋል የሚጀምሩት ከ18ኛው እስከ 24ኛው ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ማቆየቱና በተፈለገው ቦታ መልቀቁ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። የ2 ዓመት ልጅ ፊኛ የሚይዘውም በግምት 120 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ ሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ልጅዎ ፖፖ ላይ ምንም ሳያደርግ ተነሥቶ ጥግ መሄዱ እልኸኝነት መስሎ ታይቶዎታል። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ጥግ የሚፈልግ ልጅ እንደ መጣበት አውቋል፣ ጥጉ ጋ እስኪደርስም ይዞታል። የቀረው ተቀምጦ ሰውነቱን ማላላት ነው፤ ይህ ደግሞ በትእዛዝ አይሆንም። አዋቂ ሰውንም ቢሆን በር ላይ ቆመው «ቶሎ በል እንጂ» ቢሉት ይቸግረዋል።

ዘግይቷል የሚለውን ሐሳብም ላርመው። ቤሪ ብራዝልተን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው፣ 1,170 ልጆችን በተከታተለበት ጥናት፣ ልጆቹ ቀን ቀን ሱሪያቸውን ማርጠብ ያቆሙት በአማካይ በ28 ወር ተኩል ነበር። ልጅዎ ገና 28 ወሩ ነው። በዚያው አገር ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አማካዩን፣ በተለይ ለወንዶች፣ ወደ 3ኛው ዓመት ያስጠጉታል። ከ27 ወር በፊት በጥብቅ የተጀመረ ማለማመድ ቀደም ብሎ እንደማያልቅና የሚፈጀውን ጊዜ ብቻ እንደሚያስረዝመውም ታይቷል። የሌሊቱን ጉዳይ ከናካቴው ይተዉት። የሌሊት ሽንት የሚወሰነው በሆርሞንና በእንቅልፍ ጥልቀት ነው፤ በ5 ዓመታቸው ከ100 ልጆች 15 ያህሉ አሁንም አልጋ ያረጥባሉ፤ ከዚያ ዕድሜ በፊትም ሕክምና አንጀምርም።

አማትዎ ግን አልዋሹም። በኬንያ ጠረፍ ስለሚኖሩት የዲጎ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እናቶቹ ልጃቸው ከተወለደ ከጥቂት ሳምንታት ጀምሮ በእግራቸው መካከል እያስቀመጡ «ሹስ» የሚል ድምፅ ያሰሙታል፤ ሕፃኑም በ5 ወይም በ6 ወሩ ድምፁን ሲሰማና እንደዚያ ሲያዝ ይሸናል። በእኛም አገር ሕፃንን እግር ላይ አስቀምጦ ማስደረግ የቆየ ልማድ ነው። ይህ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን እናት ወይም ሞግዚት ልጁን ቀኑን ሙሉ ከአካሏ ሳትለይ የፊቱን መለወጥና የሆዱን መንቆራጠጥ እያነበበች ስትደርስለት ነው። በሌላ አነጋገር የለመዱት ሁለቱም በጋራ ናቸው። ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ እናት ያንን በ28ኛው ወር ላይ ልትጀምረው አትችልም፤ ባለመጀመሯም የሚወቅሳት ሊኖር አይገባም።

ምክሬ ዳይፐሩን መልሰው እንዲያደርጉለትና ፖፖውን ለአንድ ወር ያህል ከነጭራሹ እንዲተዉት ነው። ይህ ሽንፈት ሆኖ ይሰማዎት ይሆናል፤ ነገር ግን 3 ወር ሙሉ ያልተሳካ ልምምድ መቋረጥ አለበት። ፖፖው ከሚታይበት ቦታ አይነሣ፤ «ና ተቀመጥ» የሚለው ቃል ግን ለአንድ ወር አይነገር። ከዚያ በኋላ ሱሪውን በራሱ ማውረድ ከቻለ፣ 2 ሰዓት ያህል ደረቅ ሆኖ ከቆየና መጣብኝ ለማለት ቃልም ሆነ ምልክት ካገኘ፣ ከምግብ በኋላ ለ5 ደቂቃ፣ እግሩ መሬት ረግጦ እንዲቀመጥ ያድርጉት። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በግሣጼ ወይም በዱላ የተፈራ ልጅ ሰገራውን መያዝ ይጀምራል። የተያዘው ሰገራ ይደርቃል፣ ሲወጣ ያማል፣ ልጁ ሕመሙን ፈርቶ ይበልጥ ይይዛል። አንጀቱ በዚህ ሁኔታ ሲለጠጥ ስሜቱን ያጣና ቀጭን ሰገራ በጎን እያመለጠ ሱሪ ያበላሻል፤ ወላጅ ደግሞ ይህን ስንፍና ወይም ተቅማጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። ልጅዎ በሳምንት ከሦስት ጊዜ ያነሰ ሰገራ የሚወጣ ከሆነ፣ ሲወጣ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ወይም እግሩን አቆላልፎ በጣቶቹ ጫፍ የሚቆም ከሆነ በቤት መድኃኒት ሳይሞክሩ ሐኪም ያሳዩት። በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የላም ወተት የሚጠጣ ከሆነም ይቀንሱለት፤ ድርቀትንም የደም ማነስንም ያመጣል።

ማቆያውን በተመለከተ ዳይፐር የሚቀበል ሌላ ማቆያ ይፈልጉ፤ ከሌለም መግቢያውን በጥቂት ወራት ያዘግዩ። ለመስከረም እንዲደርስ ተብሎ የሚገፋ ልጅ ጥቅምት ላይ መልሶ ማርጠቡ የተለመደ ነው። የትኛውም ማቆያ ሽንት ያመለጠውን ልጅ እንደማይመታ አስቀድመው ይጠይቁ። የሕፃናትን አስተዳደግ በሚመለከቱ ተቋማት ልጅን በአካል መቅጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የተከለከለ ነው፤ ይህን ጥያቄ በማንሣትዎ ቅር የሚለው ማቆያ ቢኖር ልጅዎን አያስገቡበት።

አሁን ወደ ራስዎ ልመለስ። 9 ዓመት መጠበቅ ሰውን ታጋሽ ያደርጋል የሚለው አስተሳሰብ እኔ በምርመራ ክፍል ከማየው ጋር አይገጥምም። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ይባላል፤ ከወለደ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይነግረንም። ብዙ ዘመን ጠብቀው የወለዱ ወላጆች ከሌላው ይልቅ ሲጨነቁ አያለሁ፤ የዘገየው ዘመን ሁሉ በልጁ እንዲካስ ይፈልጋሉ፣ በልጁ ላይ የሚታይ ማንኛውም መዘግየትም የቀድሞውን ያስታውሳቸዋል። ለሁለቱም መጠበቆች አንድ ቃል እንጠቀማለን እንጂ በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው። ያኔ ቀኑ የሚመጣው በእርስዎ ሥራ አልነበረም፤ አሁን ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ እጅዎ ቦርሳ ይዞ፣ ሌላው የጫማ ማሰሪያ ላይ ሆኖ፣ ታክሲው ሳይሞላ መድረስ አለብዎት። በዚህ ሰዓት የሚያልቀው ደግነት አይደለም፤ ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ታጋሽ ለመሆን ከመሐላ ይልቅ ሰዓት ይጨምሩ። የ2 ዓመት ልጅ አንድ ጫማ ለማድረግ 5 ደቂቃ ቢፈጅበት፣ ግራና ቀኙንም ቢያምታታ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ከ20 ደቂቃ በፊት ቀስቅሰው ጫማውን በቅድሚያ ይስጡት፤ ቁርሱ ይከተል። ማሰሪያ ያለውን ጫማ ለእሑድ አስቀምጠው ለሥራ ቀን በማጣበቂያ የሚዘጋ ይግዙለት። «ዝም በል»፣ «ጠብቅ» የሚሉ ትእዛዞች በዚህ ዕድሜ ጥቂት ሴኮንድ እንኳ አይቆዩም፤ ፍላጎትን ገትቶ መቆየት ጎልቶ የሚታየው ከ3 ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ልጁ እየሰማዎት እምቢ ያለ በመሰለዎት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ችሎታ ገና አልተሠራም። ቁጣዎ ሲገነፍል ልጁን አደጋ በሌለበት ቦታ አስቀምጠው ክፍሉን ለቀው ይውጡ፤ ሁለት ደቂቃ ቢያለቅስ አይጎዳም። የመቱበትን ቀን በተመለከተ፣ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ልጅን አያጠፋም፤ ነገር ግን መምታቱ ፖፖን አያስተምርም፣ ከዚህ በላይ የተናገርኩትን ሰገራ መያዝን ግን ያስተምራል። ቢሮ ውስጥ የነበረው ለቅሶ አብዛኛውን ቀን የሚደጋገም፣ እንቅልፍም የሚነሣና ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ከሆነ ስለ ትዕግሥት ማውራቱን ትተን ስለ ድብርት እንነጋገር፤ ይህ የሚታከም ሕመም ነው፣ ሐኪም ያማክሩ።

የልጅ ጊዜ የራሱ ነው የሚለው አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ ከመራመድ የበለጠ የሚያሳይ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ያለ ድጋፍ መራመድ ከ8.2 ወር እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ ከመቶ አራት የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው የተራመዱት። በ9 ወሩ የተራመደውና በ17 ወሩ የተራመደው 5 ዓመት ሲሞላቸው ሲሯሯጡ ለይቶ የሚያውቃቸው የለም። ሆኖም ይኸው የጊዜ ክልል መጨረሻ አለው። 18 ወር ሞልቶት የማይራመድ ልጅ ይመረመራል። የልጅን ጊዜ ማክበር ማለት ወሰኑ የት እንደሆነ ሳያውቁ መጠበቅ ማለት አይደለም፤ በንግግር ረገድ ልጅዎ ያንን ወሰን አልፏል።

ልጅ 2 ዓመት ሲሞላው ቢያንስ 50 ያህል ቃል እንዲኖረው፣ ሁለት ቃላትንም አገናኝቶ «አባ መጣ»፣ «ውሃ ስጪኝ» እንዲል እንጠብቃለን። ይህ ቁጥር አማካይ አይደለም፤ ከእርሱ በታች የሆነ ልጅ መታየት አለበት የምንልበት ዝቅተኛው ድንበር ነው። ቃል ሲባል ጥርት ብሎ መነገር የለበትም፤ ውሃ ለማለት ሁልጊዜ «ዋ» ቢልም እንቆጥርለታለን። ኤ ቢ ሲ ዲው ግን አይቆጠርም። ከስልክ የተቀዳ ዜማ ነው፤ ልጁ በእርሱ ምንም አይጠይቅም፣ ለማንም ምንም አይነግርም። ይልቁንስ ዛሬ ማታ ይህን ይመልከቱ፦ ውሃ ሲጠማው ወደ ጆጉ በጣቱ እየጠቆመ ዓይንዎን ያያል? ወይስ ፊትዎን ሳያይ እጅዎን ይዞ እንደ ዕቃ ወደ ውሃው ይጎትትዎታል? አውሮፕላን ሲያልፍ እርስዎም እንዲያዩለት ይፈልጋል? ጫማህን አምጣ ሲሉት፣ በእጅዎም በዓይንዎም ሳያመለክቱ፣ ያመጣል? ቀድሞ ይላቸው የነበሩ፣ አሁን የተዋቸው ቃላት አሉ? የሚጠቁምና የሚረዳ ልጅ ንግግሩ ቢዘገይም ብዙውን ጊዜ ይደርሳል። ፊደል እየዘመረ የማይጠቁም ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር በባለሙያ መታየት አለበት፤ ከሚታሰቡት ነገሮች አንዱ ኦቲዝም (ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚለውጥ የእድገት ሁኔታ) ነው። ልጅዎ አለበት እያልኩ አይደለም፤ ሳላየው ልል አልችልም፣ የሚያየውም ሰው በአንድ ቀጠሮ ላይወስን ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው የመስማት ምርመራ ነው። «ስጠራው ይዞራል» የሚለው መስማቱን አያረጋግጥም። ጉንፋን የሚደጋገምበት ልጅ ከጆሮው ታምቡር በስተኋላ ፈሳሽ ሊጠራቀምበት ይችላል፤ በሩ ሲጮህ ይሰማል፣ ስሙንም ይሰማል፣ «ሰ» እና «ፈ»ን የመሳሰሉት ረቂቅ ድምፆች ግን ተድበስብሰው ይደርሱታል። ከግድግዳ ማዶ የሚወራ ወሬ ቋንቋ አያስተምርም፤ ለእርሱም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአገራችን አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ የመስማት ምርመራ ስለማይደረግለት በውልደት ያለ ችግርም ቢሆን እስከ 2 ዓመት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ቤት ውስጥ በስተኋላ ሆኖ ማጨብጨብ ምርመራ አይደለም። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ (አንገት በላይ) ክፍል ባለው ሆስፒታል በመሣሪያ ይመርመር።

አባቱ በ4 ዓመቱ መናገሩ እርስዎን አጽናንቶዎታል፤ እኛን ደግሞ ያስጠነቅቀናል። በቤተሰብ ውስጥ የንግግር መዘግየት መኖሩ ችግሩ ጸንቶ የመቆየቱን ዕድል ከሚጨምሩት ነገሮች አንዱ ነው። አባቱ ያለ እርዳታ መድረሱም ልጁ እንደሚደርስ ዋስትና አይሆንም፤ ዘግይተው ከሚናገሩ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ፣ ችግሩ የትኞቹ እንደሚደርሱና የትኞቹ እንደሚቀሩ በ2 ዓመታቸው ለይቶ መናገር አለመቻሉ ነው። ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል የሚባለውም ቢበዛ የጥቂት ወራት ልዩነት ነው፤ 6 ቃልን አያስረዳም። ቤት ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ፣ ወይም አማርኛና ትግርኛ መነገሩ ንግግርን አያዘገይም፤ የሁለቱም ቋንቋዎች ቃላት ተደምረው ይቆጠራሉ። «ምላሱ ታስሯል» ብሎ በምላጭ ላስቆርጠው የሚል ዘመድ ቢመጣ እንዳይሰሙት። የምላስ መታሰር ጥቂት ድምፆችን ሊያበላሽ ይችላል እንጂ ልጅን ቃል አያሳጣም፤ ከሐኪም እጅ ውጭ መቁረጡ ግን ደም መፍሰስና ቁስል ያመጣል። ስልኩን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ለ2 ዓመት ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰም ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። የእኔ ምክር ደግሞ ምርመራው እስኪያልቅ ጨርሶ እንዲያቆሙት ነው፤ ካርቱን ለልጁ ይናገራል፣ ተራውን ግን አይጠብቀውም።

ቆራጥ ምክሬ ይኸው ነው። በዚህ ወር ውስጥ የመስማት ምርመራ፣ በዚያው ወር የሕፃናት ሐኪም ዘንድ የእድገት ግምገማ ይደረግለት፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን አያቆዩ። የንግግር ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ስለሆኑ ተራ መያዙ ራሱ ወራት ይፈጃል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከራሳቸው ልጅ ተነሥተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ሲመሠርቱ ወላጅ የሚሄድበት ቦታ አልነበረም፤ ዛሬ መንገዱ ጠባብ ቢሆንም አለ። ከምርመራው ነፃ ሆኖ ቢወጣ ያጡት የሁለት ቀን ፈቃድና የታክሲ ሒሳብ ነው። ችግር ቢገኝ ደግሞ በ2 ዓመቱ የተጀመረ እርዳታ በ4 ዓመቱ ከሚጀመረው ይሻላል። እስከዚያው እርስዎ የሚሠሩት ቀላል ነው። ገላውን ሲያጥቡት፣ እንጀራውን ሲቆርሱለት የሚያደርጉትን በአጭር በአጭሩ ይንገሩት፤ አንድ ነገር ብለው ዝም ብለው እስከ 10 በልብዎ ይቁጠሩ፣ የሚያወጣውን ማንኛውንም ድምፅ እንደ መልስ ይቀበሉት። የፈለጉት ትዕግሥት ቦታው እዚህ ነው።

ለቀጠሮው ሲዘጋጁ ስድስቱን ቃላት እርሱ እንደሚላቸው አድርገው በወረቀት ይጻፉ፤ በቤቱ ውስጥ ሲጫወትና አንድ ነገር ሲፈልግ የሚያሳይ የሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮም በስልክዎ ይቅረጹ። ልጆች ነጭ ጋዋን ሲያዩ ወይ ያለቅሳሉ ወይ ዝም ይላሉ፤ ሐኪሙ ብዙውን የሚያየው ከዚያ ቪዲዮ ላይ ነው።